ያልታረመው ደብተር እና የመምህራን ማኅበር ሥራ

የመምህር ደመወዝ ሲዘገይ ወይም ከኑሮው ጋር አልመጣጠን ሲል መጀመሪያ የሚጎድለው የመምህሩ ማዕድ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሁለተኛውን ጉድለት ነው፤ እርሱም የተማሪው ደብተር ሳይታረም መቅረቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ደብተር ያርም የነበረው መምህር በዚያው ሰዓት በግል ትምህርት ቤት ተደራቢ ክፍለ ጊዜ ይይዛል፣ ወይም በየቤቱ እየዞረ ልጆች ያስጠናል፣ ወይም የሰው ባጃጅ ተረክቦ ከመናኸሪያ ወደ አሞራ ገደል ሲመላለስ ያመሻል። እኔ በሐዋሳ ከተማ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ በትምህርት ቤታችን መሠረታዊ መምህራን ማኅበርም በጸሐፊነት አገለግላለሁ። በሁለቱም ሥራዎች ያየሁት ነገር አንድ እምነት አሳድሮብኛል። የመምህሩ ጥቅምና የተማሪው ጥቅም በተለያዩ ደብዳቤዎች የሚጠየቁ ሁለት ጉዳዮች አይደሉም፤ ማኅበራችን ተሰሚነት ያገኘውም ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ፣ በተማሪው በኩል ጀምሮ መጻፍ በቻለባቸው ጊዜያት ነው።

ነገሩን በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። አንድ የሒሳብ መምህር በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ ቢኖረውና ለእያንዳንዱ ክፍል አራት ክፍለ ጊዜ ቢደርስ አምስት ክፍሎችን ያስተምራል ማለት ነው። ለሁለተኛ ደረጃ በመመዘኛነት የተቀመጠው የአንድ ክፍል ተማሪ ብዛት 40 ነው። በዚህ መመዘኛ መምህሩ 200 ተማሪዎች ይኖሩታል፤ ለአንድ ደብተር ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ፣ አንድ የቤት ሥራ አርሞ ለመጨረስ 400 ደቂቃ፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያስፈልገዋል። በአንድ ክፍል 70 ተማሪዎች ሲቀመጡ ግን ደብተሩ 350፣ ጊዜውም 700 ደቂቃ ይሆናል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ይህ ሁሉ ከማስተማሩ፣ ዕለታዊ ዕቅድ ከማዘጋጀቱ፣ ፈተና ከማውጣቱና ማርክ ሊስት ከመሙላቱ ውጪ ነው። ሁለት ደቂቃ ደግሞ ብዙ አይደለም። ልጁ እኩልታውን ሲፈታ አሉታዊውን ምልክት የቱ መስመር ላይ እንደጣለው ለማየትና በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ለመጻፍ እንኳ ይጠባል።

መምህሩ ይህን ያህል ሰዓት ከየት ያመጣል? ኑሮው ከተሟላ ከምሽቱ ያመጣል፤ ብዙዎቻችን ለዓመታት ያደረግነውም ይኸው ነው። ሆኖም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ሲያልፍ፣ የዘይቱና የትራንስፖርቱ ዋጋ አብሮ ወጣ፤ የመምህሩ ምሽትም ለገበያ ቀረበ። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ እንደሚሆን ባሳወቀው የደመወዝ ማስተካከያ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ መመስገንም ይገባዋል። ያም ሆኖ ልጆች ላሉትና በሐዋሳ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር መምህር፣ ተደራቢውን ሥራ ትቶ ወደ ደብተሮቹ እንዲመለስ የሚያደርግ ልዩነት ገና አልሆነም።

ይህ የሥራ ሁኔታና የመማር ሁኔታ ትስስር አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1966 በዩኔስኮና በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ትብብር በፓሪስ የጸደቀው የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት ምክረ ሐሳብ በስምንተኛው አንቀጹ፣ የመምህራን የሥራ ሁኔታ ውጤታማ መማርን በተሻለ የሚያግዝና መምህሩ በሙያ ሥራው ላይ እንዲያተኩር የሚያስችል መሆን እንዳለበት ይናገራል። ዘጠነኛው አንቀጽ የመምህራን ድርጅቶች ለትምህርት ዕድገት ብዙ ሊያበረክቱ የሚችሉ ኃይሎች ተብለው እንዲታወቁና የትምህርት ፖሊሲ ሲወሰን እንዲሳተፉ ይጠይቃል። በ86ኛው አንቀጽ ደግሞ የክፍል ተማሪ ብዛት መምህሩ ለእያንዳንዱ ልጅ ትኩረት መስጠት እንዲችል የሚፈቅድ ይሁን ይላል። የዓለም መምህራን ቀን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ በዚያው ቀን የሚከበረው ይህን ሰነድ ለማስታወስ ነው። በእኛ አገር በዓሉ ሲከበር ንግግሮቹ ስለ ሰነዱ ብዙም አያወሩም። መምህር ራሱን እያቀለጠ ለሌላው የሚያበራ ሻማ ነው ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ይበተናል። ይህን ንግግር አልወደውም። ተናጋሪዎቹ ከልባቸው እንደሚናገሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የቀለጠ ሰው ሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚሰጠው ነገር አይኖረውም፣ የሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ልጆችም እንደ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ልጆች እኩል መብት አላቸው።

ማኅበሩ ምን ያህል መሄድ እንደሚችል ለመረዳት ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም፣ ከአሠሪ ጋር በኅብረት የመደራደርና ቅሬታቸውን ሥራ ማቆምን ጨምሮ የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውንና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችንም ያካትታል። እነዚህ የመንግሥት ሠራተኞች የትኞቹ እንደሆኑ ግን በሕግ እንዲወሰን ይተወዋል። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነጻነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች እ.ኤ.አ. በ1963 አጽድቃለች። ይሁን እንጂ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም፤ በመሆኑም በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ የኅብረት ስምምነት ፈርሞ፣ ስምምነቱ ሲጣስ ይዞት የሚሄድበት የሥራ ክርክር መንገድ የለውም። ማኅበራችን በስብሰባና በደብዳቤ፣ በማሳመንና በመወትወት የሚሠራ የሙያ ማኅበር ነው። ስለዚህ የደብዳቤው ይዘት ትልቅ ነገር ነው፤ ከእርሱ በስተቀር በእጃችን ያለ ብዙ መሣሪያ የለምና።

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. ነው። በታሪኩ ውስጥ እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ጊዜ የ1966 ዓ.ም. የካቲት ነው። በዚያን ጊዜ መንግሥት ሴክተር ሪቪው ተብሎ የሚታወቀውን የትምህርት ዘርፍ ጥናት አዘጋጅቶ ነበር። ጥናቱ ለብዙኃኑ ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርትን ማዳረስን የሚያስቀድም፣ ከዚያ በላይ ያለውን ዕድገት ግን የሚገድብ ነበር፤ ወላጆችም የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይሄድ የተዘጋ በር አድርገው አዩት። መምህራኑ የካቲት 11 ቀን ሥራ ሲያቆሙ፣ የነዳጅ ዋጋ መጨመር ያስቆጣቸው የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም በዚያው ቀን ቆሙ፤ በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። እኔን የሚገርመኝ የጥያቄዎቹ አቀማመጥ ነው። የደመወዝ ጥያቄ ነበራቸው፤ የሴክተር ሪቪው እንዲሰረዝ የሚለው ጥያቄም አብሮ ነበር። ወላጁ ከመምህሩ ጎን የቆመው በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ የገዛ ልጁን ስላየ ነው ብዬ አምናለሁ። ደመወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወላጁ በሐዘኔታ ያዳምጥ ነበር፤ አብሮ የሚቆም ግን አይመስለኝም።

የቅርቡ ታሪክ ደግሞ ፍርሃትን ያስተማረ ነው። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታስረዋል፤ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. በፖሊስ ተተኩሶባቸው ተገድለዋል። ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ በስሙና በንብረቱ ላይ ለዓመታት በፍርድ ቤት ተካሰሰ፤ ጉዳዩም እስከ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደረሰ። ይህን የማነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ ወረቀት ለፊርማ ሲዞር አንጋፋው መምህር እስክሪብቶውን አንሥቶ ለምን እንደሚያመነታ የማያውቅ ወጣት መምህር ሰነፍ ወይም ግዴለሽ አድርጎ ሊቆጥረው ስለሚችል ነው። ማመንታቱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱንም አክብሮ ነው ፊርማ መጠየቅ የሚገባው።

በእኛ ትምህርት ቤት የተጻፉት ደብዳቤዎች ለረጅም ጊዜ አንድ ዓይነት ነበሩ። የደረጃ ዕድገት ዘግይቷል፣ የጀማሪ መምህራን ምደባ ደመወዝ አልተስተካከለም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አልተፈጸመም የሚሉ ነበሩ። ጥያቄዎቹ ሁሉ እውነት ነበሩ። መልሱም አንድ ዓይነት ነበር፤ ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል የሚል፣ ማኅተም ያለበት አጭር ደብዳቤ። ለውጡ የመጣው በአንድ የጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የባዮሎጂ መምህርት የሆነች ባልደረባችን ተነሥታ፣ ከደብዳቤ በፊት ቆጠራ ይደረግ ባለች ጊዜ ነው። ያቀረበችው ሐሳብ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ መምህር በክፍሉ ያሉትን ተማሪዎች፣ መቀመጫዎችና የመማሪያ መጻሕፍት ይቁጠር፤ እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት መምህርም በሳምንቱ ውስጥ ስንት ደብተር ማረም እንደነበረበትና ስንቱን እንዳረመ ይጻፍ። አንዳንዶቻችን ሁለተኛው ነገር በራሳችን ላይ ማስረጃ መስጠት ይሆናል ብለን ፈራን። እርሷ ግን ማኅበሩ ስለ ተማሪው የሚናገረው ነገር ሊታመን የሚችለው የራሳችንንም ጉድለት ከምክንያቱ ጋር ስንጽፍ ብቻ ነው አለች፤ ጉባኤው ተከራክሮ ተቀበላት።

ቆጠራው ካሳየን ነገር መጻሕፍቱን በተመለከተ ያገኘነው ከሁሉ የከፋ ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ በ2016 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ በበቂ መጠን ስላልደረሰ፣ ብዙው ተማሪ መጽሐፉን በቴሌግራም በሚለዋወጠው ፋይል እያነበበ ነበር። ስልክ ያለው ያነባል፤ ስልክ የሌለው ካለው ጎን ይቀመጣል፤ ቤቱ ሲሄድ ግን ብቻውን ነው። የቤት ሥራ ስንሰጥ የመጽሐፉን ገጽና ጥያቄ ቁጥር ብቻ መጥቀስ ስለማንችል፣ ከክፍለ ጊዜው ሩብ ያህሉ ጥያቄዎቹን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በመገልበጥ ያልቅ ነበር። ይህን እያንዳንዳችን ለየብቻችን እናውቀው ነበር። በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ተሰብስቦ ሲታይ ግን የአንድ መምህር ምሬት መሆኑ ቀርቶ የትምህርት ቤቱ ሁኔታ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱን አነጋገርን። በሐዋሳ የወላጅ ስብሰባ ለመጥራት የሥራ ቀን ምቹ አይደለም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመረቀ ወዲህ ብዙ እናቶች በፈረቃ የሚሠሩ ናቸው፤ ከሥራ የቀረች ሴት የቀኗን ብቻ ሳይሆን የወሩን የመገኘት ጉርሻም ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ ስብሰባው እሑድ ከቀትር በኋላ እንዲሆን ተደረገ። ሰንጠረዡ ከተነበበ በኋላ አንዲት እናት እጅ አውጥተው፣ «መምህር፣ የእኔ ልጅ ደብተር ቀይ እስክሪብቶ አይቶ አያውቅም፤ እኔ ልጄ ሁሉን ስለሚያውቅ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጥን መምህራን ሁሉ አንገታችንን ደፋን። ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ ይህን ለማን እናመልክት?» ብለው ጠየቁ። ማኅበሩ ለዓመታት ሲጽፍ የኖረው ደብዳቤ ያላመጣውን ነገር ያመጣው ይህ ጥያቄ ነው።

ደብዳቤው በመሠረታዊ ማኅበሩና በወላጆች ተወካዮች የጋራ ፊርማ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተጻፈ። በመጀመሪያው ገጽ የተማሪዎቹ ቁጥር፣ መቀመጫውና መጽሐፉ ሰፈረ፤ በሁለተኛው ገጽ የመምህራኑ የሥራ ጫናና የተጓተተው ክፍያ፣ ሁለቱ ገጾችም እንዴት እንደሚገናኙ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገን ቁጥርና ቀን አስያዝን፤ ግልባጩንም ለከተማው የማኅበሩ ቅርንጫፍ ላክን። ያገኘነው መልስ ሙሉ አልነበረም። እጅግ ከተጨናነቁት ክፍሎች የተወሰኑት ተከፈሉ፣ የተሰበሩ ዴስኮች ተጠገኑ፣ የተወሰነ የታተመ መጽሐፍ መጣ፣ ተጓትቶ የነበረው የደረጃ ዕድገትም ለተወሰኑ መምህራን ተፈጸመ። የክፍሎቹ ቁጥር ሲጨምር ግን የመምህራኑ ቁጥር ስላልጨመረ፣ የአንዳንዶቻችን ክፍለ ጊዜ በዝቷል፤ ይህ እስከ አሁን ያልተፈታ ችግር ነው። ቢሆንም ከጽሕፈት ቤቱ የመጡት ባለሙያ ከማኅበሩ ሰብሳቢ ጋር ቁጭ ብለው ሰንጠረዡን መስመር በመስመር ሲያዩ ተመልክቻለሁ። የደመወዝ ደብዳቤ ብቻ በምንጽፍበት ዘመን እንደዚህ ያለ ነገር አላየሁም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ፤ እርሱን ሳላነሣ ባልፍ ስለ ማኅበር የጻፍኩት ሁሉ ጎዶሎ ይሆናል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በደቡባዊው የአገራችን ክፍል በሚገኙ በርካታ አካባቢዎች የመምህራን ደመወዝ ለወራት ሲዘገይና ተቆራርጦ ሲከፈል ቆይቷል፤ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርም በይፋ አቤት ብሏል። በአንዳንድ ቦታ መምህራን ማስተማር አቆሙ። ተማሪው ሲጎዳ ማኅበሩ ምን ማድረግ አለበት? ልጆቹ የቀሩባቸውን ክፍለ ጊዜያት ማንም አይመልስላቸውም፣ በተለይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን። በሌላ በኩል ደግሞ የሠራበትን ያልተከፈለው፣ ቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት ከባለቤትና ከልጆች ጋር ወደ ዘመድ ቤት የተጠጋ መምህር ክፍል ገብቶ ቢቆምም የሚሰጠው ትምህርት የተሟላ አይደለም። ከሁለቱ ጉዳቶች አንዱ ከሌላው ይቀላል ብዬ ለማስመሰል አልችልም፤ አንደኛው በአንድ ጊዜ የሚታይ ነው፣ ሁለተኛው ቀስ እያለ ይገድላል። የሥራ ማቆሙን በተመለከተ እኔ የደረስኩበት አቋም ይህ ነው፤ ደመወዝ በወቅቱ አለመከፈሉ ራሱ የትምህርት መቋረጥ ተደርጎ መቆጠርና ማኅበሩም በመጀመሪያው ሳምንት፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ እያለ፣ ከወላጆች ጋር በመሆን በዚህ ስም አቤት ማለት አለበት። ሦስት ወር ጠብቆ የሚመጣ ቁጣ መምህሩንና ወላጁን ፊት ለፊት ያቆማል፤ ሁለቱን የጎዳው አካል ግን ከመካከል ይጠፋል።

የሌላ አገር ማኅበራት ልምድ በቀጥታ ወደ እኛ አይመጣም፤ ሕጋቸውም አቅማቸውም ሌላ ነው። ሆኖም በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ መምህራን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ለ11 የትምህርት ቀናት ሥራ አቁሞ ያገኘው ውል ለእኛም የሚነግረን ነገር አለ። ዋናው የክርክር ነጥብ የደመወዝ ጭማሪው መጠን አልነበረም፤ በየትምህርት ቤቱ ነርስና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ እንዲመደብ፣ የክፍል ተማሪ ብዛትም ገደብ እንዲበጅለት በጽሑፍ ይስፈር የሚለው ነበር፤ ይህም በውሉ ውስጥ ገባ። በከተማዋ የነበረው ሕግ የክፍል ብዛትን የግድ የመደራደሪያ ርእስ አያደርገውም ነበር፤ ማኅበሩ ግን ወላጆችን ከጎኑ አሰልፎ ርእሱን ወደ ጠረጴዛው አመጣው። በዚያው አገር በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የ55ቱም አውራጃዎች መምህራን ሥራ ከማቆማቸው በፊት፣ በትምህርት ቤት ምሳ ለሚተዳደሩ ልጆች ምግብ አዘጋጅተው አሽገዋል። ይህን ያደረጉት ለማስታወቂያ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ራሱን ዴስክ ላይ የሚያሳርፍ ልጅ በየዓመቱ ስለማይ፣ እነዚያ መምህራን ምን እያሰቡ እንደነበር ይገባኛል።

ስለ ማኅበራችን ድክመትም ልናገር፤ የምወደው ተቋም ስለሆነ ነው። የማኅበር መዋጮ በየወሩ ከፔሮል ላይ ይቆረጣል፤ ብዙ አባላት ገንዘቡ የት እንደሚሄድ፣ ተወካያቸውም ማን እንደሆነ አያውቁም። በአንዳንድ ቦታ የማኅበር ተመራጭ መሆን ወደ ቢሮ ሹመት የሚወስድ መንገድ ተደርጎ ይታያል፤ ነገ ሹም ለመሆን የሚያስብ ሰው ዛሬ ሹሙን ደፍሮ አይጠይቅም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግማሹን ወንበር የያዙት ሴቶች ሆነው ሳለ በአመራሩ ላይ የምናያቸው ጥቂት ናቸው፤ ከላይ የጠቀስኳት የባዮሎጂ መምህርት እስከ ዛሬ ለሰብሳቢነት አልተጠቆመችም፤ ይህም ያሳዝነኛል። የዩኔስኮው ሰነድ ማኅበራት በፖሊሲ ላይ እንዲሳተፉ ይጠይቃል ብያለሁ፤ መሳተፍ ማለት ግን በተዘጋጀ የአዳራሽ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ውሎ አበል መፈረም አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱ ሲቀየር መጽሐፉ ሳይታተም እንዳይጀመር የሚል ድምፅ በጊዜው፣ ጮክ ብሎ፣ ከእኛ ወገን መሰማት ነበረበት።

የፈተና ውጤት በሚወጣበት ወቅት ይህ ዝምታ ጎልቶ ይታያል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ በተገለጸ ቁጥር ጣት ወደ መምህሩ ይቀሰራል። የመምህሩ ድርሻ የለበትም አልልም፤ የሙያ ብቃታችን መጠየቅ አለበት፣ ራሱን ማሻሻል የማይፈልግ መምህርም አለ። ነገር ግን ማኅበሩ በዚያ ሰሞን ከአንገት በላይ የሆነ መግለጫ ከማውጣት ይልቅ በየትምህርት ቤቱ የተሰበሰበ የክፍል ብዛት፣ የመጽሐፍና የእርማት መዝገብ ይዞ ቢቀርብ፣ ክርክሩ ከወቀሳ ወደ ምክንያት ይሸጋገር ነበር። እነዚያ ልጆች ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንት ጊዜ ሥራቸው ታርሞ ተመለሰላቸው? ይህን ጥያቄ መመለስ የሚችል መዝገብ በአገር ደረጃ ሊያዘጋጅ የሚችል ድርጅት ካለ የመምህራን ማኅበር ነው፤ በየትምህርት ቤቱ አባል አለውና።

በመጪው የመሠረታዊ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን ረቂቅ አሁን እያዘጋጀሁ ነው። ደመወዝ በወሩ የታወቀ ቀን እንዲከፈል፣ ሲዘገይም ማኅበሩና የወላጅ ኅብረቱ በጋራ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያመለክቱ የሚለው ብዙ ክርክር የሚያስነሣ አይመስለኝም። ከመመዘኛው በላይ የሆነ ክፍል ሁሉ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ለጽሕፈት ቤቱ በቁጥር እንዲገለጽ የሚለውም ድጋፍ አለው። የሚያከራክረው ሌላው ነው፤ ደብተር የሚታረምበት ሰዓት ከመምህሩ የሥራ ጫና ጋር እንዲቆጠርና ክፍለ ጊዜ ሲደለደል ከግምት እንዲገባ የሚለው። የሚቃወሙት ባልደረቦቼ ሰዓቱ አንዴ ከተቆጠረ ለቁጥጥር መሣሪያ ይሆናል፣ ሱፐርቫይዘሩም በሰዓት እየለካ ይጠይቀናል ይላሉ። ሥጋታቸው መሠረት አለው፤ ብዙ ቅጽ ሞልተን ምንም ለውጥ ሳናይ የቀረንባቸው ዓመታት አሉ። እኔ ግን ሐሳቡን ይዤ እቀርባለሁ። ሰዓቱ ካልተቆጠረ እንደሌለ ይቆጠራል፤ እንደሌለ የሚቆጠር ሥራ ደግሞ ክፍያም፣ ተጨማሪ መምህርም፣ ባለ 40 ተማሪ ክፍልም አያስጠይቅም። ቅጹን የሚሞሉት መምህራኑ ራሳቸው እንዲሆኑ፣ መዝገቡም በማኅበሩ እጅ እንዲቆይና ለጽሕፈት ቤቱ የትምህርት ቤቱ ድምር ብቻ እንዲሄድ የሚል አንቀጽ ጨምሬበታለሁ። የባዮሎጂዋ ባልደረባዬ ረቂቁን አንብባ በወላጆች ስብሰባ ላይ አስቀድሞ ይነበብ ብላለች፤ በዚህ ተስማምተናል፤ እሑድ ከቀትር በኋላ ይነበባል።